ወይዘሮ ክኒን እና እምቢተኛው ጨው

ሰፈሩ «ወይዘሮ ክኒን» ይላታል፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት መድኃኒት ፋብሪካ ውስጥ ዱቄት እየጨመቀች ክኒን ስታወጣ ኖራለችና። ፋብሪካው ሲዘጋ አንድ ቤተ ሙከራ የሊቲየም ጨው እንድትጨምቅ ቀጠራት።

«ጨው ለምናቸው ነው?» አለች አማቷ።

«ለባትሪ። በፈሳሹ ፋንታ ደረቅ ጨው ሊያደርጉበት ነው።»

«ባትሪው አልጫ ሆነባቸው?»

አለቃዋ ዶክተሩ «እንዴት አደራችሁ» ሲል እንኳ ጉባኤ የሚከፍት ይመስላል። በመጀመሪያው ቀን ቁጭ አድርጎ አስረዳት። በንጹሕ ጨው ውስጥ ሊቲየሞቹ ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል፤ መላወሻ የለም። ትንሽ ማግኒዚየም ሲደባለቅበት፣ አንዱ ማግኒዚየም የሁለት ሊቲየም ያህል የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) ስላለው ሁለቱን አስነሥቶ አንድ ቦታ ብቻ ይይዛል። ሌላው ባዶ ይቀራል። ጎረቤቱ ወደዚያ ይገባል፣ የእሱን ቦታ ደግሞ ሌላው ይይዛል፤ እንዲህ እያሉ ይሻገራሉ።

«ገባኝ» አለች፤ «ታክሲ ውስጥ ጠጋ ጠጋ በሉ እንደሚባለው።»

ዶክተሩ ቅር አለው። እሱ ይህን ለመረዳት ሰባት ዓመት ፈጅቶበታል።

መጭመቂያውን ግን አላስነካትም። እሷ ስትመዝን፣ እሱ ሲጨምቅ ወራት አለፉ፤ ሊቲየሙ በጨው ውስጥ ምን ያህል እንደሚሻገር የሚያሳየው የመለኪያው ቁጥር ፈቅ አላለም። ዶክተሩ ማግኒዚየሙን ጨመረ፣ ቀነሰ፣ ጨው ሻጩን ረገመ።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና የሚጨምቁት እንደተናደደ ሰው ነው» አለችው። «ጨዉ ውስጡ ተሰንጥቋል። ሊቲየሙ ገደል ዘሎ ሊሻገር ነው?»

«እትዬ፣ ይሄ ሳይንስ ነው፤ የራስ ምታት ክኒን አይደለም።»

ሦስት ሳምንት አኮረፋት። በአራተኛው ለስብሰባ ሲሄድ፣ ከዚያው ዱቄት ወስዳ ጨመቀች። ውስጡ የታፈነው አየር እንዲወጣ ጫናውን ብዙ ደቂቃ አቆየችው፤ ከዚያ ቀስ አድርጋ ለቀቀችው። መለኪያው ላይ የምትሠራው ባልደረባዋ ስትለካው ቁጥሩ ከበፊቱ መቶ እጥፍ ወጣ።

ዶክተሩ ተመልሶ ሦስት ጊዜ ራሱ ለካው። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እስቲ ያሳዩኝ፣ እትዬ።»

«መጀመሪያ ሰዓትዎን ያውልቁ። እሱን እያዩ ነው የሚቸኩሉት።»

አወለቀ።

ዶክተሩ ስለ ውጤቱ የጻፈው የምርምር ጽሑፍ ሲታተም ግርጌው ላይ ስሟን ሳይጠቅስ «ለተደረገው ቴክኒካዊ ድጋፍ» የሚል ምስጋና ነበር። በማግሥቱ ወረቀቱን ይዛ ቢሮው ገባች፤ «ድጋፍ የሚሉት ምርኩዝ ነው እንዴ፣ ዶክተር?» አለችው።

በሁለተኛው ጽሑፍ ስሟ ከጸሐፊዎቹ ጋር አራተኛ ሆኖ ወጣ። ሦስተኛው ቤተ ሙከራውን ረግጦ የማያውቀው የክፍሉ ኃላፊ ነበር።