ልጄ ክፉ ሰው የሆነበት ፊልም

ልጄ የሚታወቀው ሰው በማሳቅ ነው። እዚህ ለቡ ሰፈራችን ሱቅ ሲገባ ገና አፉን ሳይከፍት ሰው ይስቃል። የሚያስቅ ሰው ጠላት የለውም ብዬ ተመስገን እል ነበር።

አንድ ቀን የፍቅር ፊልም ሊሠራ መሆኑን ነገረኝ።

«ሙሽራው አንተ ነህ?» አልኩት።

«አይ እማዬ። ልጅቷን እወድሻለሁ እያልኩ ቤት የምቆልፍባት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። ገና አላገባም፤ ይህን ያየ ማን ልጁን ይሰጠዋል? ደግሞስ ክፉ ቃል ሲደጋግሙት ልብ ውስጥ አይቀርም? መኝታ ቤቱን ዘግቶ «የትም አትሄጂም» እያለ ሲለማመድ ድምፁ ዝግ ያለ ነበር። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ ረቡዕ ከሰፈር ሴቶች ጋር እንጸልያለን። የጸሎት ርዕስ ስጠየቅ «ፊልሙ እንዳይሳካለት ጸልዩልኝ» አልኩ።

«ያ ቀልደኛ ልጅሽ?» አለች አንዷ። «እሱን ደግሞ ማን ይፈራዋል! ሳንጸልይም አይሳካለትም።»

ሳቁ፤ ከዚያ ጸለዩልኝ። ለእሱ አልነገርኩትም።

ፊልሙ የታየ ቀን አጠገቡ ተቀመጥኩ። ገና ብቅ ሲል አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። በሩን ከውስጥ ሲቆልፍ ሳቁ። ቁልፉን ኪሱ ሲከትም ሳቁ።

«ኧረ ቀልዱን አምጣው!» አለ ከኋላችን አንዱ።

ዞር ብዬ ልጄን አየሁት። ጉልበቱን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዟል። ሕፃን ሳለ መርፌ ሊወጋ ሲል እንዲህ ነበር የሚያደርገው። የለመንኩት እየሆነ ነው። ጌታ ሆይ፣ ያልኩህን ተወው፤ እነዚህን ሰዎች ዝም አሰኝልኝ አልኩ።

ልጅቷ በሩን ስትደበድብ እሱ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ብርቱካን መላጥ ጀመረ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። «እወድሻለሁ እኮ» አላት፣ ቀና ብሎ ሳያያት። ከዚያ በኋላ ማንም አልሳቀም።

ወጥተን ታክሲ ስንጠብቅ የጸሎቱን ነገር ነገርኩት።

«እንዳይሳካልኝ?»

«አዎ ልጄ።»

«ስንት ሆናችሁ?»

«ሰባት።»

«ሰባት ሴት ጸልየውብኝ ነዋ እንዲህ የሠራሁት!»

ሊስቅ ሞከረ፤ ዓይኑ ግን እንባ ሞላ። ይቅር በለኝ አልኩት። እጄን ያዘ፤ ታክሲው እስኪመጣ አልለቀቀኝም። ስለ ሰው አፍ መጨነቄ ግን አልቀረም፤ ዛሬም አለ።