አያቴ ፖሊስን በር ላይ ያቆመ ዕለት

ልጅ ሳለሁ፣ ቴፒ ቤታችን ውስጥ የማታው ተረት የሚጀመረው አያቴ እርጥቡን እንጨት ወደ ፍሙ ገፋ አድርጎ፣ በጭሱ ስሎ ስሎ ሲያበቃ ነበር። ከሁሉ የሚወደው፣ አዳኞች ያባረሯት ድኩላ አንድ ሽማግሌ ቤት ስትገባ፣ ሽማግሌው «እንግዳዬ ናት» ብሎ አዳኞቹን የሚመልስበትን ተረት ነው። እኔ ጥያቄ አያልቅብኝምና «ምን አጥፍታ ነው ያባረሯት?» እላለሁ። «እንግዳ አይጠየቅም» ይለኛል። እሱ ባደገበት በሸኮ ገጠር ቤት የገባን ሰው አሳልፎ መስጠት ነውር ነበር።

ቡና በሚለቀምበት ወቅት፣ አንድ ከሰዓት፣ ጎረቤታችን ታምራት እያለከለከ ቤታችን ገባ። ቡና ማስጫው ላይ ነጋሽ የሚባል የሥራ ባልደረባውን በዱላ ፈንክቶ ኖሯል። ወዲያው ፖሊስ ሊይዘው ተከትሎ ደረሰ። አያቴ እጆቹን ዘርግቶ በሩን ዘጋ።

«አባባ፣ ሕግ ነው፤ ያሳልፉኝ።»

«ቤቴ የገባ እንግዳዬ ነው!»

ፖሊሱ ሊያልፍ ሲል አያቴ ክንዱን ጨምድዶ ያዘው፤ ታምራት በጓሮ አመለጠ። አያቴን ወሰዱት።

ያኔ ነው ነገሩ ግራ የገባኝ። በማግስቱ ታምራት እጁን ሰጠ፤ አጎቱ ዋስ ሆነለትና ቤቱ ገባ። ማንንም ያልፈነከተው አያቴ ግን ፖሊስ ጣቢያ ታስሮ ቀረ። አስተማሪዋ እናቴ፣ ሰው በሕግ እንዳይያዝ ማገድ ራሱን የቻለ ወንጀል መሆኑን፣ እንደሚያሳስር ወይም እንደሚያስቀጣ ነገረችኝ። ያ ሳሉ በጣቢያው ሲሚንቶ ወለል ብርድ ብሶበት ይሞትብናል ብዬ ፈራሁ።

«ዋስ ምንድን ነው?»

«በቀጠሮው ባይቀርብ እኔ ልጠየቅ የሚል ሰው።»

«እኔ ልሁንለት?»

በዚያ ጭንቀት መሀል ሳቀች።

ዳኛው ዋስትና ሲፈቅዱለት እናቴ ፈረመች። አያቴ ግን ወደ ቤት መሄዱን ትቶ፣ እጄን ይዞ ወደ ነጋሽ ቤት ታጠፈ። በሩን የከፈተችው የነጋሽ እናት ነበረች። «ይቅር በይኝ» አላት።

«የኔ ልጅ ደሙ ሲፈስ የማን እንግዳ ነበር?» አለችው።

ተረት የማያልቅበት አያቴ አንገቱን ደፋ፤ እሷም በሩን ሰፋ አድርጋ ከፍታ «ግቡ» አለችን።

በኋላ ጥፋቱን አምኖ በመቀጮ ተለቀቀ። እኔ የአያቴ ልጅ ነኝ፤ ዛሬም ሰው ሲባረር ሳይ ልቤ ቶሎ ይራራል። ከራራሁ በኋላ ግን፣ የተመታውስ የት ነው ብዬ እጠይቃለሁ።