በፈረሱላ የተመዘነች ጀልባ

በዛወርቅ ጀልባ ነጂ ከመሆኗ በፊት ቦንጋ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት የቡና ሚዛን ላይ ሠርታለች። ጆንያ አይታ ክብደቱን ትናገራለች፤ ሰውንም እንዲሁ። ይህ ችሎታዋ ታዲያ ከወፋፍራሞች ጋር ብዙም አላፋቀራትም።

የቡና አምራቾች ማኅበሯ ለጎጀብ ወንዝ መሻገሪያ ቀለል ያለች የፋይበር ጀልባና ባለ አምስት ፈረስ ጉልበት ሞተር ሲገዛ፣ እኔ እነዳለሁ ብላ እጇን ያወጣች እሷ ብቻ ነበረች። ሥልጠና ላኳት፤ ተምራ መጣች።

ጣጣው የጀመረው ወዲያው ነው። ጀልባዋ ሰውና ቡና ስትጭን አፍንጫዋን ወደ ላይ ትሰቅላለች፤ ኋላዋ ይሰምጣል፤ ሞተሩ ያጓራል፣ መሄድ ግን የለም። ሁለቴ ከመሃል ወንዝ ተመለሰች። የማኅበሩ ጸሐፊ ፍቃዱ፣ ይህ ትንሽ ሞተር ተሸጦ ባለ አሥራ አምስት ፈረስ ይገዛ፣ ነጂም ከሌላ ቦታ ይምጣ አለ። ቅዳሜ ካልተሻገረች ይኸው እንዲሆን ተወሰነ።

በዛወርቅ ደሟ ፈላ። ትልቁ ሞተር ክብደቱ ከአንድ ጆንያ ቡና በጥቂት ነው የሚያንሰው፤ የሚሰምጠውን ኋላ ጭራሽ ሊያሰምጠው አይደል? ይህን ብትናገርም ማን ይስማት።

ዓርብ ዕለት ሚዛኗን ተሸክማ ወንዙ ዳር ወረደች። የጀልባዋ ጎን ላይ ጭነቷ እስከ አምስት መቶ ኪሎ ይላል፤ ፈረሱላው አሥራ ሰባት ኪሎ ነውና ሃያ ዘጠኝ ፈረሱላ መሆኑ ነው። ሞተሩ፣ ቤንዚኑና ራሷ ስድስት ወሰዱ። ለቀረው አራት ሰውና ሁለት ጆንያ ይበቃል። እስከ ዛሬ የጫነችውም ይኸንኑ ነው። ታዲያ ምን ሆነች?

ባዶዋን ጀልባ ስታይ ቆየችና በድንገት ግንባሯን መታች። የፊቱን መቀመጫ ውኃ ይረጨዋል። ስለዚህ ሽማግሌ በመጣ ቁጥር ሰው ሁሉ ተነሥቶ፣ «ኧረ በሞቴ» እያለ ከሞተሩ አጠገብ ያለውን ደረቁን ቦታ ይለቅለታል። ጆንያውም እንዳይርስ እዚያው ይከመራል። ክብሩ ሁሉ ኋላ ነበር የተቆለለው! ይባስ ብሎ፣ ሽማግሌዎቹን እጃቸውን ይዛ እዚያ የምታስቀምጠው ራሷ ነበረች።

ቅዳሜ የማኅበሩ ሊቀመንበር ጋሽ ገብረወልድ በነጭ ጋቢ መጡ። በበዛወርቅ ዓይን አምስት ፈረሱላ ተኩል ናቸው። ፍቃዱ ጎንበስ ብሎ የኋላውን መቀመጫ ጠረገላቸው።

«ጋሽ ገብረወልድ፣ ዛሬ ከፊት ይቀመጡልኝ» አለች።

ፍቃዱ ነውር ነው ብሎ ሊቆጣ ቃጣው።

«ከፊት ውኃ ይረጫል እኮ፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው።

«ይረጫል። ግን እንሻገራለን።»

ጋሽ ገብረወልድ ጥቂት አሰቡና ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ ፊት አለፉ። አንዱን ጆንያ በላስቲክ ጠቅልላ ከእግራቸው ሥር፣ ሌላውን ከመሃል አኖረች። ሌሎቹን ሦስት ተሳፋሪዎችም ፈንጠር ፈንጠር አድርጋ አስቀመጠች። ከዚያ ሞተሩን አስነሣች።

የጀልባዋ አፍንጫ አልተሰቀለም። ትንሹ ሞተር ማጓራቱን ትቶ መሥራት ጀመረ፤ የተመለሱበትን መሃል አልፈው ማዶ ሲደርሱ ወዲህ የቀረው ሰው በደስታ ይጮህ ነበር።

ጋሽ ገብረወልድ የራሰ ጋቢያቸውን እየጨመቁ ወደ ፍቃዱ ዞሩ። «ሞተሩም አይሸጥ፣ ሌላ ነጂም አይፈለግ» አሉት።

ዛሬ ጎጀብ ላይ «ኧረ በሞቴ» የሚባለው ለፊቱ መቀመጫ ነው። ሽማግሌዎቹ ረስርሰው ይወርዳሉ፤ ያልረሰ ሽማግሌ ካለም ቅር ብሎት ነው የሚሄደው።