ከግብር ነፃ የሆነው ማድቤት

አባቴ ማስታወቂያ ማንበብ ይወድ ነበር። በልጅነቱ ጣና ዳር ካለ ደብር ቅኔ ተምሮ፣ መጽሐፍ ትርጓሜ ጀምሮ ያቋረጠ ሰው ነው። ባሕር ዳር ገብቶ የመጋዘን ሠራተኛ ከሆነ በኋላም አመሉ አልለቀቀውም፤ ቀበሌ የለጠፈውን ወረቀት ሁሉ «አንድም፣ አንድም» እያለ ይተረጉመዋል። ይህን አመሉን እጠላው ነበር። አሁንም እጠላዋለሁ።

ጊዜው የደርግ ነው። ቀበሌው በር ላይ አንድ ማስታወቂያ ተለጠፈ። የመኖሪያ ቤቱን የሣር ክዳን አንሥቶ ቆርቆሮ ያለበሰና እንጨት የሚቆጥብ ባለጭስ ማውጫ ምድጃ የሠራ ሰው፣ ለተወሰኑ ዓመታት የጣራና ግድግዳ ግብር አይከፍልም ይላል። ሣር ቤት በበጋ እየተቃጠለ አስቸግሯል፤ ከዘጌ በታንኳ የሚመጣው እንጨትም አልቀመስ ብሏል።

እኛን ግን አይመለከተንም። ቤታችን ድሮም ቆርቆሮ ነበር። ቤታችን አልኩ እንጂ ቤቱስ የእናቴ ነው። ይፋግ ይኖሩ የነበሩት አባቷ ሲሞቱ የደረሷትን በሬዎች ሸጣ ያሠራችው፣ ግድግዳውን በገዛ እጇ የለሰነችው ቤት ነው። ሣር የለበሰው ጓሮ ያለው ማድቤት ብቻ ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር እያፈሰሰ እሳቷን ሲያጠፋባት፣ ጭሱም ዓይኗን ሲያነደው፣ ስንት ዓመት ሙሉ «ክዳኑን ያሳድሱልኝ» ብላ ለምናዋለች። «ወጥ ደግሞ ጣራ ምን ያደርግለታል?» ይላት ነበር። ለእሷ ያላደረገውን ለግብር ሲል አደረገው።

«ወረቀቱን አንብቤ ጨረስሁት» አለን አንድ ቀን ምሳ ላይ። «መኖሪያ ቤት ማለት አንድም ተኝተው የሚነሡበት፣ አንድም እሳት ነዶ ቤተሰብ የሚሰበሰብበት ነው። ስለዚህ ማድቤቱ መኖሪያችን ነው እንላለን።»

«ይተዉ፣ ይቅርብዎ» አለችው እናቴ። «ግብሩን ከፍለን በሰላም እንደር።»

«አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ!»

ቆርቆሮውን አስመታ። ምድጃውንም አሠራ፤ ጭስ ማውጫው ጣራውን በስቶ ወጣ። እውነት ለመናገር ምድጃው ግሩም ነበር፤ እናቴ ዓይኗን ሳታብስ ወጥ ስትሠራ ያየኋት ያኔ ነው። ከዚያ አባቴ አልጋዎቹን ሁሉ ከትልቁ ቤት አስወጥቶ ማድቤት ደረደራቸው። ሥዕለ ማርያሟን ሳይቀር ከምድጃው በላይ ሰቀላት። ትልቁን ቤት ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

በዚያ ዘመን አንድ ቤተሰብ የሚፈቀድለት አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ነው። ከዚያ ያለፈው ትርፍ ቤት ተብሎ ይወረሳል። ይህን የማያውቅ የከተማ ሰው አልነበረም፤ አባቴም ያውቃል። ትንሿን ወረቀት ሲተረጉም ትልቁን አዋጅ ረሳው።

የቀበሌው ኮሚቴዎች ክዳኑንና ምድጃውን ሊያዩ መጡ። መሪያቸው ካኪ የለበሰ፣ ሲናገር አንገቱን የሚሰብር ወጣት ነበር።

«አባባ፣ የሚኖሩት እዚህ ነው?»

«እዚሁ ነው ልጄ። እኔም፣ ባለቤቴም፣ ልጆቼም።»

«ምድጃው ሸጋ ነው። ያ ትልቁ ቤትስ?»

«እሱማ ዝግ ነው። አንኖርበትም።»

ወጣቱ ፈገግ አለ። አባቴም አብሮት ፈገግ አለ። ያችን ፈገግታ ባስታወስኩ ቁጥር እጄን ይበላኛል።

«እንግዲያው ከግብሩ ነፃ ነዎት» አለው። «ትልቁ ቤት ግን ትርፍ ነው፤ ይወረሳል።»

እናቴ እጇ ሊጥ እንደያዘ ሮጣ ወጣች። «ኧረ በማርያም! ማድቤት ነው ልጄ! ወጥ የምሠራበት ነው! አልጋውን ገና አሁን ነው ያስገባነው!»

ወጣቱ አክብሮቱን ሳይቀንስ ወደ እሷ ዞረ። «እማማ፣ ባለቤትዎ ኮሚቴውን ዋሽተዋል ነው የሚሉኝ? አብዮቱን ያታለለ ሰው የት እንደሚገባ ያውቃሉ።»

ሁላችንም እናውቃለን። በዚያው ሰሞን ታስሮ፣ ለቤተሰቡ ልብሱ ብቻ የተመለሰ ሰው ከጎረቤቶቻችን መካከል ነበር።

እናቴ አባቴን አየችው። ያን ሁሉ ሲተረጉም የኖረ ሰው መሬት መሬቱን ያያል። ቀጥላ ቤቷን አየች።

«አልዋሹም» አለች። «የምንኖረው እዚህ ነው።»

ትልቁ ቤት ውስጥ ቀበሌው ከሌላ አገር ተዛውሮ የመጣ ሹም ከነቤተሰቡ አስገባ። እኛ ከምድጃው ጋር ቀረን። ሠፈሩ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እያለ ተረተብን። እናቴ ምንም አልጣለችም። የጣለው እሱ ነው፤ ያውም የሰው ብብት ውስጥ ገብቶ።

ጥቂት ዓመታት አለፉ። አንድ የክረምት ምሽት ቆርቆሮው በዝናብ እየተደበደበ እራት ቀርበናል። ከትልቁ ቤት የሬዲዮ ድምፅና የልጆች ሳቅ ይሰማል። አባቴ ጆሮውን ወደዚያ ጥሎ ሲሰማ ቆየና ወደ እናቴ ዞረ።

«ምነው ያን ቀን ጨክነሽ በተናገርሽ ኖሮ!» አላት። «ዋሽቷል ብትያቸው ምን ያደርጉኝ ነበር? ጥቂት አስረው ይለቁኝ ነበር፤ ቤቱም አይሄድም። ቤቱን ያጠፋሽው አንቺ ነሽ።»

ደሜ ፈላ። ድስቱን አንሥቼ ራሱ ላይ ልደፋው ምንም አልቀረኝ። እናቴ ግን ቁጣም አልታየባት።

«እኔም ቀን ከሌት የማስበው እሱን ነው» አለችው። «ምነው በተናገርሁ እያልሁ።»

አባቴ ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። እናቴ ጭልፋውን አንሥታ ወጥ ጨመረችለት።

«ይብሉ እንጂ» አለችው።