ዝም ባለው አትግባ

ዛሬ ጠዋት ከሐይቁ ውስጥ ዞር ስል፣ አሸዋው ላይ የቆሙት አባቴ አውራ ጣት አክለው ታዩኝ። ያኔ ነው የደነገጥኩት።

እዚህ በምኖርበት ውጭ አገር፣ ስካርቦሮ ሐይቅ ዳርቻ ሰርፍ ላደርግ፣ በቦርድ ሞገድ ልጋልብ ነበር የሄድነው። ፎርካስቱን ቼክ አድርጌያለሁ፤ የምሥራቅ ነፋስ፣ ደረት የሚደርስ ሞገድ።

ሞገዱ ግራና ቀኝ አረፋ እየደፈቀ ይሰበራል። መሃል ላይ ግን ጸጥ ያለ ቦታ አየሁና ቦርዴን ይዤ ወደዚያ አመራሁ።

ከጎጃም ሊጠይቁኝ የመጡት አባቴ "አንተ! ዝም ባለው አትግባ!" ብለው ጮኹ።

"አባዬ፣ ይሄ እኮ ሐይቅ ነው፤ እንደ እናንተ ወንዝ አይደለም" ብያቸው ገባሁ። (ሰርፍ ከጀመርኩ ሁለት ወር ስለሞላኝ የማላውቀው ነገር የለም።)

ወደ ዳር ብቀዝፍ፣ ብቀዝፍ ውሃው ወደ ውስጥ ይጎትተኛል። ለካ ሞገዱ ወደ ዳር የገፋው ውሃ ወደ ሐይቁ የሚመለሰው በዚያ ጸጥ ባለው ቦታ ነው። ክንዴ ዛለ። ጣቶቼ ደነዘዙ።

አባቴ ጃኬታቸውን አውልቀው ወደ ጎን ያውለበልባሉ። "ወደሚጮኸው ሂድ! ወደሚጮኸው!"

የሚጮኸው ያ ስሸሸው የነበረው አረፋ ነው። ሌላ ምርጫ ስላልነበረኝ ወደ ጎን ቀዘፍኩ። ሞገዱ አንስቶ አሸዋው ላይ ወረወረኝ።

መኪና ውስጥ ገባን። "እንዴት አወቁ?" አልኳቸው።

"የሚጮኽ ውሃ ጥልቀቱ ከጉልበት አያልፍም። ወንዛችን ላይ ወንድሜን የወሰደው ዝም ያለው ነው።"

አጎት እንደነበረኝ የሰማሁት ዛሬ ነው።

እናንተስ "ይሄ አገር ሌላ ነው" ብላችሁ የናቃችሁት የወላጅ ምክር አለ? ጻፉልኝ። ግን መጀመሪያ ከየት እንዳወቁት ጠይቋቸው።