የአያ ደምሌ ጋቢ

ባለፈው ቅዳሜ ድሬዳዋ ገበያ ነጭ ሽንኩርት ስመርጥ፣ ከጎኔ የቆሙ ሽማግሌ ኩታቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸው ላይ ጠመጠሙ። ሙቀቱ አስቸግሯቸው ነው። እኔ ግን እጄ ሽንኩርቱ ላይ እንዳለ ቀረ።

ደርግ መሬት ለአራሹ ባለ ማግስት አባቴ ጫካ ገባ። የባላባት ሚስት ተብላ የምትፈለገው እናቴ እኔን ይዛ አምባ ጊዮርጊስ ተደበቀች። በዚያ የሚያውቀን አልነበረም። ገበያ ወጥቶ መሸጥን እንደ ውርደት የምትቆጥረው እናቴ፣ ነጭ ሽንኩርት መቸርቸር ጀመረች። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ትቀመጣለች፤ ዋጋ የምጠራው የዐሥራ ሦስት ዓመቷ እኔ ነኝ።

ኅዳር ነበር፤ የታጨደ ገብስ ሽታ ከውርጩ ጋር አፍንጫ ይቆነጥጣል። ጭሰኛችን የነበረው አያ ደምሌ በድንገት ፊታችን ቆመ። ከአውድማው ሲሶውን ስንወስድበት የኖርን ሰው ነው። እናቴን ሲያይ ልማዱ ቀደመው፤ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ አደገደገና እጅ ነሳ።

ሁለት እርምጃ ከኋላው ጠመንጃ ያነገተ አብዮት ጥበቃ ነበር።

«አያ፣ ለማን ነው የምታደገድገው?»

በልቤ እመቤቴን ተጣራሁ። አያ ደምሌ ካጎነበሰበት ሳይቀና እጁን ሽንኩርቱ ውስጥ ሰደደ።

«ጋቢዬን አፈር እንዳይነካብኝ ነዋ። ሽንኩርት ቆሜ ልምረጥ?» ወደ እናቴ ዞረ። «ምነው አንቺ፣ ይኼን ከየት ለቅመሽ አመጣሽው? መደቡ ስንት ነው?»

እናቴን በሕይወቷ አንቺ ብሏት አያውቅም። ነጠላዋን ይበልጥ ተከናነበች። ባለጠመንጃው አልሄደም። ጉልበቷን በጉልበቴ ነካሁት።

«ብር» አለች።

«ለዚህ ከሲታ? ስሙኒ ውሰጂ።»

«ስሙኒህን ይዘህ እለፍ፣ አያ። ገዢ አትከልክለኝ።»

አብዮት ጥበቃው ሳቀና ወደ እህል ተራው አለፈ። አያ ደምሌ ግን ክርክሩን አላቋረጠም፤ ጠመንጃው ከዓይን እስኪሰወር ተከራክሮ በሽልንግ ገዛ።

ቤት ስንገባ እናቴ «ደፈረኝ» አለች። ራታችንን ቀምሰን ዳዊቷን ከደገመች በኋላ ደግሞ፣ «እግዜር ይስጠው። ከእንግዲህ ዋጋውን እኔው እጠራለሁ።»

ከዚያ ወዲያ በየገበያው ይመጣ ነበር። ይከራከራታል፣ ትከራከረዋለች፤ ጋቢው ግን ከትከሻው ወርዶ አያውቅም።

ለአባቴ ነፍስ ስጸልይ የአያ ደምሌንም ስም እጠራለሁ። በልጅነቴ ያ ሽማግሌ ለእኔም ያደገድግ እንደነበር፣ እኔም እንደሚገባኝ ቆጥሬ እቀበለው እንደነበር ግን ለንስሐ አባቴ ነግሬ አላውቅም።

ቅዳሜ ዕለት ከሽንኩርቱ እጄን አንስቼ ወደ ኋላ ቆምኩ።

«እርስዎ ይቅደሙ፣ አባቴ» አልኳቸው።