ለይቅርታ ወደ ኮሌጅ ፓርክ

ማክሰኞ ጠዋት ከምኖርባት ከታከር ከተማ የተነሳሁት እትዬ ዘነበችን ይቅርታ ልጠይቅ ነው። ስምንት ወር የዘገየ ጉዞ ነው።

እኔ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ የአስታማሚዎች ሱፐርቫይዘር ነኝ። ያኔ ሚስ ሚርያም የሚባሉ ነዋሪ ከአልጋቸው ሲወርዱ ወደቁ። የሚጠብቋቸው እትዬ ዘነበች በቦታው አልነበሩም። በማግስቱ በአሥራ ሰባት ሠራተኛ ፊት ጮህኩባቸው። ሊናገሩ ሲሉ "ምክንያት አልፈልግም!" ብዬ አቋረጥኳቸው። እናቴ የሚሆኑ ሴት አንገታቸውን ደፍተው ወጡ፤ በዚያው ሥራውን ተዉት። ከሁለት ቀን በኋላ ስልኬን ሳይ፣ ሚስ ሚርያም በወደቁበት ሰዓት ደውዬ ወደ ሦስተኛ ፎቅ የጠራኋቸው እኔው ነበርኩ። ጥሪውን ከስልኬ ዲሊት አደረግኩት።

ባለፈው ሳምንት ለሚስ ሚርያም ካልሲ እያጠለቅኩ፣ አዲስ ሱፐርቫይዘሮችን እንዳሠለጥን መመረጤን በኩራት ነገርኳቸው። ሚስ ሚርያም አይሁዳዊት ናቸው፤ ጡረታ እስኪወጡ መምህር ነበሩ።

"ዘነበች እኮ 'አለቃዬ ጠራችኝ' ብላኝ ነው የወጣችው" አሉኝ።

"ለምን አልተናገሩም?"

"ማንም አልጠየቀኝም። ደግሞም ራስሽ ትናገሪያለሽ ብዬ ጠበቅኩ።" ቀጠሉ፦ "በእኛ ትምህርት፣ ስለ ሌላው ሰው 'ቢሳሳት' ይባላል፤ ስለ መሪ ግን 'በሚሳሳት ጊዜ' ነው የሚባለው። መሳሳቱ አይቀርም ማለት ነው። ጥፋቱን የሚያምን መሪ ያለው ትውልድ የታደለ ነው ይላሉ መምህሮቻችን። ሰው የበደለ ደግሞ ከበደለው ሰው ጋር ሳይታረቅ ቢጾምም አይሰረይለትም።"

እኔ ስምንት ወር ሙሉ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ ስዘምር ነበር።

ሦስት ሰዓት

መኪናዬ ጋራዥ ስለነበረች አውቶቡስ ያዝኩ፤ ሁለት ዶላር ከሃምሳ። ጎማ ቤቶችን፣ መጋዘኖችን፣ ገና ያልተከፈቱ ሱቆችን አለፍን። ጭኔ ላይ ብርቱካን በፌስታል ይዣለሁ። ለበደሉት ሰው ብርቱካን ይዞ መሄድ ምን ያህል እንደሚያሳፍር የገባኝ አውቶቡሱ ውስጥ ነው።

ዳውንታውን ላይ ባቡር ቀየርኩ። አጠገቤ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሄዱ፣ ሻንጣ የያዙ መንገደኞች ይሳሳቃሉ። ሁለት ጊዜ ልወርድ ተነስቼ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

አራት ሰዓት ተኩል፣ ኮሌጅ ፓርክ

ከእሳቸው ጋር የሚደዋወሉ ሠራተኞቻችን እንደነገሩኝ፣ እትዬ ዘነበች አሁን ክፍል የሚያጸዱበት ሆቴል ከጣቢያው አሥር ደቂቃ በእግር ነው። በጓሮ በር በኩል ወጡልኝ። አውሮፕላን ከላያችን እስኪያልፍ ጠበቅኩ። ከዚያ ሁሉንም ተናገርኩ፤ የደመሰስኩትን ጥሪም ጭምር።

"ሴትዮዋ ደህና ናቸው?" ነበር የመጀመሪያ ጥያቄያቸው።

"ደህና ናቸው።"

"ስትጮኺብኝ ሰው ሁሉ እያየኝ ነበር። ይቅርታውን እዚህ፣ ቆሻሻ መጣያ አጠገብ ነው የምትነግሪኝ?"

"እትዬ፣ በእግርዎ ልውደቅ..."

"ተይ! እኔ ያጠፋሁት እንደሌለ አውቃለሁ። ለማያውቁት ንገሪ።"

ብርቱካኑን አልተቀበሉም። ፎጣቸውን አንስተው ገቡ።

ዘጠኝ ሰዓት

ወደ ቤቴ አልሄድኩም። ሺፍት ሲቀየር ሥራ ቦታዬ ደረስኩና ሠራተኞቹን ሰበሰብኩ። ያን ቀን እትዬ ዘነበችን የጠራኋቸው እኔ እንደነበርኩ ተናገርኩ። በቅርቡ የገባች አንዲት ወጣት፣ "ዌይት፣ ስምንት ወር ሙሉ ታውቂ ነበር?" አለችኝ።

"አዎ።"

ማንም አላጽናናኝም። ሥራ አስኪያጁ ቢሮው አስጠርቶ ሥልጠናውን ሌላ ሰው እንደሚሰጥ ነገረኝ። እትዬ ዘነበችን ጥፋተኛ ያደረገውን የአደጋ ሪፖርት እዚያው አስተካክዬ ፈረምኩ።

ቤቴ የገባሁት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ጥፋቴ በዚያ ጠዋት መጮኼ ብቻ ይመስለኝ ነበር። የባሰው ግን ከዚያ በኋላ በየቀኑ ገብቼ ሌላውን ሰው ስቆጣ፣ ሳርም መዋሌ ነው። አሠልጣኝ እንድሆን የተመረጥኩትም ይህን ደብቄ ነው።

እራት ላይ ሳለሁ ከእትዬ ዘነበች መልእክት ደረሰኝ። አንድ ቃል ናት፦ "ሰማሁ።"

ይቅር ብዬሻለሁ አላሉም። እኔም ይቅር በሉኝ ብዬ አልለመንኳቸውም።